የዊንድዘር ጣራ አራዊት

ድንጋይ ዘላለማዊ ነው የሚለው አባባል የግንበኛ አባባል አይደለም። ድንጋይ እየፈለፈለና እየጠረበ የሚኖር ሰው ድንጋይም እንደ እንጨት የሚደክም፣ ውኃ የሚጠጣ፣ ብርድ የሚሰነጥቀው፣ ጢስ የሚበላው ነገር መሆኑን ያውቃል። ከሕንፃ ክፍሎች ሁሉ ደግሞ ይህ ድካም ቀድሞ የሚታየው በጣራ ላይ ነው። መሠረትን አፈር ያቅፈዋል፤ ግድግዳን ክፈፍ ይጋርደዋል፤ ከጣራ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ጌጥ ግን ከነፋስም፣ ከዝናብም፣ ከውርጭም የሚያስጥለው የለም። ስለዚህ በጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ውስጥ የጣራ ጌጥን ማውረድ፣ መጠገንና በአዲስ መተካት ትውልድ ከትውልድ የሚቀባበለው ሥራ ሆኖ ይገኛል። ሥራው ከሩቅ ሲታይ የሙያተኞች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ቀረብ ብለው ሲመረምሩት ግን ምን ይመለሳል፣ ምንስ ይቀራል፣ ይህንንስ የሚወስነው ማን ነው የሚል ጥያቄ ከውስጡ ይወጣል።

በእንግሊዝ አገር፣ ከለንደን በስተ ምዕራብ፣ በዊንድዘር ግንብ ቅጥር ውስጥ የሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ይህን ጥያቄ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ የያዘ ሕንፃ ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ደግሞ የተለየ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱ በቦታው ይነገራል። ንጉሥ ኤድዋርድ 4ኛ ሥራውን ያስጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1475 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ የተፈጸመው በ1528 በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን ነው። ኤድዋርድ 3ኛ በ1348 ያቋቋሙት የጋርተር የክብር ማኅበር የሚሰበሰብበትና ነገሥታቱም የሚቀበሩበት ስፍራ ነው። ስሙ ጸሎት ቤት ይባል እንጂ መጠኑ የትልቅ ካቴድራል ያህላል። ግድግዳው አብዛኛው መስኮት ነው፤ ጣራውን ከውስጥ የሚሸፍነው እንደ ዘንባባ ቅጠል የተዘረጋ የድንጋይ ቅስት ነው። ይህን የሚያህል የድንጋይ ክብደት ቀጭኑን ግድግዳ ወደ ውጭ ስለሚገፋው፣ ከውጭ በኩል ደጋፊ ግንቦች ተተክለውለታል። በየደጋፊው አናት ላይ ሹል የድንጋይ ማማ ቆሟል። ማማው ላላዋቂ ዓይን ጌጥ ብቻ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በክብደቱ የቅስቱን ግፊት ወደ መሬት እንዲያዘነብል የሚያግዝ የሥራ አካል ነው። በእነዚህ ማማዎች ጫፍ ላይ ነው እንግዲህ «የንጉሡ አራዊት» የሚባሉት የድንጋይ ምስሎች የተቀመጡት።

ዛሬ በጣራው ላይ ያሉት 76 ናቸው፤ በዓይነት ግን 14 ይሆናሉ። የእንግሊዝ አንበሳ አለ፤ የዌልስ ቀይ ዘንዶ አለ፤ የሪችመንድ አዳኝ ውሻ፣ የዮርክ ጭልፊት፣ የክላረንስ ጥቁር ኮርማ፣ የሪቻርድ 2ኛ ነጭ አጋዘን፣ የጄን ሲሞር ግስላ፣ የኤድዋርድ 3ኛ ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ አሉ። ያሌ የሚሉት፣ ቀንዶቹን ወደ ፈለገበት አቅጣጫ ያዞራል ተብሎ የሚተረትለት፣ በምድር ላይ ታይቶ የማያውቅ እንስሳም በመካከላቸው ተቀምጧል። ይህ ሁሉ እንስሳ በቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር መልሱ ከሃይማኖት ይልቅ በፖለቲካ ውስጥ ነው። የላንካስተርና የዮርክ ቤተሰቦች ለዙፋን ሲሉ ለብዙ ዓመታት ተፋጅተዋል። በ1485 ዘውዱን በጦር ሜዳ የያዙት ሄንሪ 7ኛ የዘር መብታቸው ቀጭን ነበር፤ ያጠናከሩትም በእናታቸው በማርጋሬት ቦፎርት ወገንና በሚስታቸው በዮርኳ ኤልሳቤጥ ወገን ነው። ያሌው ከእናት በኩል መጣ፤ ጭልፊቱ ከሚስት በኩል መጣ። በእኛ አገር የነገሥታት የትውልድ ሐረግ በብራና ላይ ሲጻፍ፣ በዊንድዘር በሰማይና በምድር መካከል በድንጋይ ተጻፈ ማለት ይቻላል። ማንበብ የማይችለው ገበሬም አንገቱን ቀና አድርጎ ዘንዶና ጭልፊት በአንድ ጣራ ላይ በሰላም ተቀምጠው ሲያይ የተባለውን ይረዳ ነበር።

የፊተኞቹ አራዊት የተሠሩት በ16ኛው ምዕተ ዓመት፣ ከሬይጌት ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ ከለንደን በስተ ደቡብ በሰሪ አውራጃ የሚወጣ፣ ኖራ የተቀላቀለበት የአሸዋ ድንጋይ ሲሆን፣ በመካከለኛው ዘመን የዌስትሚኒስተር ገዳምና የለንደን ታወር ሳይቀሩ ተገንብተውበታል። ጠራቢዎች ይወዱት ነበር፤ ምክንያቱም ከጉድጓዱ እንደ ወጣ ለስላሳ ነው፤ ለመሮ ይታዘዛል፤ የአንበሳን ጎፈርና የጭልፊትን ላባ እንደ ሰም ይቀበላል። ነገር ግን ለመሮ የታዘዘ ድንጋይ ለዝናብም ይታዘዛል። ውኃ በውስጡ ባሉት ረቂቅ ቀዳዳዎች ይገባል፤ በክረምት ሌሊት ውኃው በረዶ ሆኖ ያብጣል፤ ያበጠው በረዶም የድንጋዩን ገጽ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እያነሣ ይጥለዋል። ቅርጹን ከማማው ጋር የሚያያይዘው የብረት ካስማ ደግሞ በበኩሉ ይዝጋል፤ ዝገት ከብረቱ ይልቅ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ድንጋዩን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። በኋላ ዘመን በከተሞች የበዛው የከሰል ድንጋይ ጢስ ሲጨመርበት በኖራማ ድንጋይ ላይ ጥቁር ቅርፊት ይጋገራል፤ ቅርፊቱ ሲወድቅ ከሥሩ ያለውን ገጽ ይዞት ይሄዳል። እንዲህ እያለ አንበሳው መጀመሪያ ጆሮውን፣ ቀጥሎ ፊቱን፣ በመጨረሻም አንበሳነቱን ያጣል።

በ1682 ጸሎት ቤቱን የመረመሩት ሰው ተራ ግንበኛ አልነበሩም። ክሪስቶፈር ሬን በዚያ ጊዜ ለንደን ውስጥ የቅዱስ ጳውሎስን ካቴድራል በማነጽ ላይ ነበሩ። ሬን አራዊቱ የተሠሩበትን የሬይጌት ድንጋይ አጥብቀው ነቀፉ፤ በምክራቸውም አራዊቱ ከጣራው ወረዱ። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1713፣ ስለ ዌስትሚኒስተር ገዳም ባቀረቡት ዘገባ ላይም ስለዚሁ ድንጋይ ተመሳሳይ ነቀፋ ጽፈዋል። በዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። የሬን አባት የዊንድዘር ጸሎት ቤት የበላይ አለቃ ስለ ነበሩ፣ ልጅ ክሪስቶፈር ከሕፃንነቱ ዓመታት አንዳንዱን ያሳለፈው በዚያው ቅጥር ውስጥ ነው። እንግዲህ አራዊቱ እንዲወርዱ የመከረው ሰው በጥላቸው ሥር የተጫወተ ሰው ነበር። የልጅነት ትዝታ እጁን አልያዘውም፤ የሙያው ሕሊና አሸነፈ። ከከፍታ የሚወርድ የአንበሳ መንጋጋ ለምእመኑ ራስ አይራራምና፣ ውሳኔውን ማንም ጤነኛ ግንበኛ ሊነቅፈው አይችልም።

ሊነቀፍ የሚችለው ከዚያ በኋላ የሆነው፣ ወይም ያልሆነው ነው። የወረደው ሳይተካ ቀረ። ማማዎቹ ጫፋቸው ባዶ ሆኖ አንድ ዓመት፣ አሥር ዓመት፣ መቶ ዓመት ቆዩ፤ መቶው ሁለት መቶ ሆነ። ነገሥታት ነገሡ፣ ሞቱ፣ ከወለሉ ሥር ተቀበሩ። ሠዓሊዎች ጸሎት ቤቱን ባዶ ጫፎቹን ጭምር ሣሉት። ባዶነት ሲለመድ የሕንፃው መልክ ይሆናል፤ ጎደለ የሚለው ሰው ሲጠፋ ጉድለቱ ራሱ ይጠፋል። ዊንድዘር ላይ ያልጠፋው፣ የአርማ ሥርዓትን የሚያጠኑና የሕንፃውን መዛግብት የሚያገላብጡ ሰዎች በመኖራቸው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በእነዚያ ባዶ ዓመታት ውስጥ፣ በኅዳር ወር 1879፣ አንድ የ18 ዓመት ኢትዮጵያዊ ወጣት በዚሁ ጸሎት ቤት ሥርዓተ ቀብሩ ተፈጸመ። የዐፄ ቴዎድሮስና የእቴጌ ጥሩወርቅ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። በ1868 መቅደላ ስትወድቅ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። አባቱን በአምባው ላይ፣ እናቱን ከሠራዊቱ ጋር በጉዞ ላይ ሳሉ ካጣ በኋላ፣ ካፒቴን ስፒዲ የሚባል መኮንን ይዞት ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። በቼልተንሃምና በራግቢ ተማረ፤ በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ጥቂት ቆየ፤ በሊድስ ከተማ አጠገብ በሳንባ ሕመም ዐረፈ። ንግሥት ቪክቶሪያ በጸሎት ቤቱ እንዲቀበር ፈቀዱ፤ የናስ መታሰቢያ ሰሌዳም አሠሩለት። ዐፅሙ ያለው ከሕንፃው ውጭ፣ በአጠገቡ ባለው የጡብ መቃብር ውስጥ ነው። ወደ ዊንድዘር የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ዘወትር ይህን ሰሌዳ ፈልጎ ዓይኑን ዝቅ ያደርጋል እንጂ ወደ ጣራው ቀና አይልም፤ ሊፈረድበትም አይገባም። ነገር ግን ቀና ቢል የሚያያቸው አራዊት በዚያ የቀብር ቀን በቦታቸው አልነበሩም። ልዑሉ ሲገባ ጣራው ባዶ ከሆነ 197 ዓመት አልፎት ነበር፤ ከዚያ በኋላም 46 ዓመት ባዶ ቆየ።

የመመለሻው ጊዜ የመጣው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ነው። ከ1920 እስከ 1930 በሥነ ሕንፃ ባለሙያው በሃሮልድ ብራክስፒር መሪነት ጸሎት ቤቱ በሰፊው ታደሰ። አዲሶቹ አራዊት በጣራው ላይ የወጡት በ1925 ነው። በ1682 ከወረዱት ጋር ሲቆጠር በመካከሉ 243 ዓመት አለ።

ይህን የመሰለ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ መግለጽ ተገቢ ነው፤ ብዙ ሰው የቅርጻ ቅርጽን ሥራ ከመንፈስ መነሣሣት ጋር እንጂ ከልኬት ጋር አያያይዘውምና። መጀመሪያ ድንጋዩ ይመረጣል። ጥሩ ጠራቢ ድንጋዩን በመዶሻ መታ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል፤ ጤነኛው እንደ ደወል ያስተጋባል፤ ስንጥቅ ያለበት ድምፁ ይታፈናል። ቀጥሎ ድንጋዩ በምድር ውስጥ ሳለ በየትኛው ጎን ተነባብሮ እንደ ነበር ይታያል። ንብብሩ ተገልብጦ ከቆመ ውኃ በየንጣፉ መካከል ገብቶ እንደ መጽሐፍ ቅጠል ይገልጠዋል፤ ለጣራ ጌጥ ይህ ጥንቃቄ እጥፍ ድርብ ነው። ከዚያ በኋላ ቅርጹ በሸክላ ጭቃ ተሠርቶ በጀሶ ይቀዳል፤ ከጀሶው ላይ ነጥብ በነጥብ እየተለካ ወደ ድንጋዩ ይዛወራል። ሻካራው በወፍራም መሮ ይነሣል፤ ፊቱና ጥፍሩ በቀጭኑ ይወጣል።

ዋናው ጥበብ ያለው ግን በርቀቱ ላይ ነው። ከምድር ሆኖ የሚያይ ሰው የምስሉን አገጭና ደረት እንጂ አናቱን አያይም። ስለዚህ ለከፍታ የሚሠራ ቀራጺ ዓይኑን ከልኩ በላይ ያጎደጉዳል፤ ጎፈሩን በጥልቅ ይፈለፍላል፤ አንገቱን ወደ ፊት ያዘነብላል። በሥራ ቦታው ላይ ሲታይ አውሬው አስቀያሚ ነው፤ ማማው ጫፍ ላይ ሲወጣ ግን ጥላውና ብርሃኑ ያስተካክሉታል። በቅርብ ውብ ሆኖ በሩቅ የሚጠፋ ሥራ የሠራ ቀራጺ ለራሱ እንጂ ለጣራው አልሠራም። በመጨረሻም በአውሬው ሆድና በእግሮቹ መካከል ውኃ እንዳይቋጥር መውረጃ ይበጅለታል፤ በማይዝግ ካስማ ይተከላል፤ በኖራ ይያያዛል። ኖራው ከድንጋዩ ይልቅ ለስላሳ መሆን አለበት፤ ሕንፃው ሲንቀሳቀስ የሚሰነጠቀው ማያያዣው እንጂ ድንጋዩ እንዳይሆን ነው። ሲሚንቶ ይህን ትሕትና አያውቅም፤ በብዙ አገር፣ በእኛም አገር ጭምር፣ በጥንታዊ ግንብ ላይ የተለጠፈ ሲሚንቶ ያደረሰው ጉዳት ብዙ ነው።

ከዚህ በኋላ አከራካሪው ጥያቄ ይመጣል። በ1925 የወጡት አራዊት በ1682 የወረዱት ናቸውን? ድንጋዩ ሌላ ነው፤ እጁ ሌላ ነው፤ ዘመኑ ሌላ ነው። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ጆን ረስኪን በ1849 ባሳተመው የሥነ ሕንፃ መጽሐፉ፣ ጥንታዊን ሕንፃ አድሳለሁ ማለት ሙትን አስነሣለሁ እንደ ማለት የሚቆጠር ውሸት ነው የሚል አሳብ አቅርቦ ነበር። በ1877 ዊልያም ሞሪስና ጓደኞቹ የጥንታውያን ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበርን ሲመሠርቱ ይህንኑ አሳብ መመሪያቸው አደረጉት፤ ጠግኑ፣ ደግፉ፣ ከዝናብ ጠብቁ እንጂ አትፍጠሩ አሉ። የ1964ቱ የቬኒስ ቻርተርም ግምት በሚጀምርበት ስፍራ እድሳት መቆም እንዳለበት፣ የተተካው ክፍልም ከነባሩ ጋር እየተስማማ ተለይቶ መታወቅ እንዳለበት ደንግጓል። በእነዚህ ሚዛኖች የዊንድዘር አራዊት ቢመዘኑ መልሱ ቀላል አይሆንም። ጠራቢው እያየ የሚገለብጠው ነባር አንበሳ በጣራው ላይ አልነበረም።

የሆነ ሆኖ የረስኪን ክርክር በሁሉም ጌጥ ላይ እኩል አይሠራም። አንድ ሐዋርያ በአንድ ሊቅ እጅ ተቀርጾ ፊቱ ቢጠፋ ያን ፊት መልሶ የሚፈጥር የለም፤ ቢሞከር ውሸት ነው። የአርማ አውሬ ግን ከመጀመሪያውም የአንድ ቀራጺ ፈጠራ አይደለም። ነጭ አጋዘን እንዴት እንደሚተኛ፣ ዘንዶው ስንት እግር እንዳለው፣ ግስላው ከአፉ ምን እንደሚተፋ በሥርዓት የተጻፈ ነው። ፊደል በተጻፈ ቁጥር አዲስ ቀለም ይፈልጋል፤ ፊደልነቱ ግን ያው ነው። ስለዚህ በ1925 የተሠራው ሥራ ከሐውልት ቅጂ ይልቅ የጠፋ ዓረፍተ ነገርን መልሶ እንደ መጻፍ ይቆጠራል። የዓረፍተ ነገሩ ትርጉም ግን ተለውጧል። በ16ኛው ምዕተ ዓመት ጭልፊቱና ዘንዶው የሚያስፈራ ነገር ይናገሩ ነበር፤ ዙፋኑ የእኛ ነው፣ የሚጠራጠር ይጠንቀቅ ይሉ ነበር። በ20ኛው ምዕተ ዓመት ለጎብኝ የሚያምሩ እንስሳት ሆኑ። ድንጋዩን መመለስ ይቻላል፤ ፍርሃቱን ግን ማንም አልመለሰውም፤ ባይመለስም አይከፋም።

በዚያው ሕንፃ ላይ፣ ከአራዊቱ ዝቅ ብለው በክፈፉ ዙሪያ የተደረደሩት አስፈሪና አስቂኝ የድንጋይ ፊቶች ደግሞ በሌላ መንገድ ተስተናግደዋል። ብዙዎቹ ከማለቃቸው የተነሣ ሰው ይሁኑ ጅብ አይለዩም ነበር። እነዚህን የሚመራቸው የአርማ ሕግ የለም፤ ጠራቢው እንደ ቀልዱ የሠራቸው ናቸው። ስለዚህ በቅርብ ዓመታት የለንደኑ ሲቲ ኤንድ ጊልድስ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ያለቁትን የሚተኩ አዳዲስ ፊቶች በራሳቸው ፈጠራ እየቀረጹ በቦታው እንዲገቡ ተደርጓል። ይህ ደፋር ውሳኔ ነው፤ ትክክለኛም ይመስላል። የማይታወቀውን እናውቃለን ብሎ ከማስመሰል፣ የዛሬው ወጣት እንደ ትናንቱ ጠራቢ በነጻነት እንዲቀልድ መፍቀድ ለነባሩ መንፈስ የቀረበ ነው። ከዚህም በላይ እጅ ሥራ ካልፈታ ሙያ አይሞትም። ሙያው ከሞተ ግን፣ ከመቶ ዓመት በኋላ አራዊቱ እንደገና ሲያረጁ የሚተካቸው ከየት ይመጣል?

ይህን ሁሉ ሲያነብ አገሩን የማያስብ ኢትዮጵያዊ አይኖርም። በእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ጣራ ዘውድ ጉልላት ነው፤ ክዳኑ በታደሰ ጊዜ ይወርዳል፤ የሰጎን እንቁላሉ ከተሰበረ ይለወጣል፤ ማንም ሰው ይህ እውነተኛ ነው ወይስ ምትክ ብሎ ሲከራከር አይሰማም። ጉልላቱ መቀመጡ እንጂ ዕድሜው አይጠየቅም። በላሊበላ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። የቤተ ጊዮርጊስ ጣራ ጌጥ፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀረጹት ሦስት መስቀሎች፣ በጣራው ላይ የተቀመጡ አይደሉም፤ ራሱ ጣራው ናቸው፤ ጣራውም ራሱ ዓለቱ ነው። የሚወርድ ነገር የለም፤ ስለዚህ የሚተካም የለም። በቤተ መድኃኔ ዓለም ዙሪያ ከነበሩት የውጭ ዓምዶች ብዙዎቹ ወድቀው በ20ኛው ምዕተ ዓመት በተጠረበ ድንጋይ ሲገነቡ፣ ከአንድ ዓለት የተፈለፈለው ሕንፃ በከፊል የተካበ ሕንፃ ሆነ። ጥገናው ባይደረግ ክፈፉ አደጋ ላይ ይወድቅ ነበርና የሠሩትን መውቀስ አይገባም፤ ነገር ግን የዓምዶቹን መጋጠሚያ መስመር የሚያይ ዓይን ሁለት የተለያዩ አሳቦችን ባንድ ጊዜ ያያል። በዚያው ዘመን ዓለቱን ከውኃ ይጠብቃል ተብሎ የተቀባው ቅባት ጥቅሙ ሳይሆን ጉዳቱ ስለ ታየ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ጣሊያናዊው ባለሙያ ሳንድሮ አንጀሊኒ በመሩት ሥራ በብዙ ድካም እንዲነሣ ተደርጓል። በ2008 የተተከሉት በብረት ምሰሶ የቆሙ መጠለያዎችም ዝናቡን ሲከለክሉ ሌላ ሥጋት አስከትለዋል። ዊንድዘር አንበሳ ቢሰበርበት ሌላ አንበሳ ያስቀርጻል። ላሊበላ ላይ የሚሟሟው እያንዳንዱ ጣት የሚያህል ጠርዝ ግን ወደ ኋላ የማይመለስ ነው፤ የእኛ ጠባቂዎች ሸክም ከእንግሊዞቹ የሚከብደው ስለዚህ ነው።

ወደ ልዑል ዓለማየሁ እንመለስ። ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ኢትዮጵያ ደጋግማ ጠይቃለች፤ በ2007 ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ጥያቄውን በይፋ አቅርበዋል። በግንቦት 2023 የልዑሉ ቤተሰብ ላቀረበው ጥያቄ ከባኪንግሃም ቤተ መንግሥት የተሰጠው መልስ፣ በአካባቢው ያረፉ የብዙ ሌሎች ሰዎችን ዕረፍት ሳያውኩ ዐፅሙን ማውጣት የሚቻል አይመስልም የሚል ነበር። ኢትዮጵያውያን መልእክተኞች መቃብሩን እንዲጎበኙ ሲፈቀድ መቆየቱም አብሮ ተገለጸ። መልሱ በጨዋ ቃል የተጻፈ ነው፤ የሙታንን ዕረፍት ማክበርም በእኛ ዘንድ የተናቀ ምክንያት አይደለም። ሆኖም ያንኑ ሕንፃ ታሪክ የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ሳያስብ አያልፍም። የዚያ ጣራ ባለቤቶች ለሁለት መቶ አርባ ሦስት ዓመት ባዶ የነበረን ቦታ ባዶ ነው ብለው አልተዉትም፤ መዝገብ አገላብጠው፣ መወጣጫ ተክለው፣ 76 ማማ ላይ እያንዳንዱን አውሬ በየስሙ አስቀምጠዋል። ጊዜ አለፈ ማለት ለድንጋዩ ምክንያት ሆኖ አልቀረበም። የመንቀል ችግርም ቢሆን በዓለም ላይ ያልተፈታ ችግር አይደለም፤ በ1937 ወደ ሮማ ተወስዶ የነበረው 24 ሜትር ርዝመት ያለው የአክሱም ሐውልት በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመልሶ በ2008 በቦታው ቆሟል። ዐፅም ከሐውልት ጋር አይነጻጸርም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሐውልቱን የሚጠብቅ እናት አገር እንጂ ዘመድ አልነበረውም፤ የልጁን ዐፅም ግን በስሙ የሚጠራ ቤተሰብ ይጠብቀዋል።

ብራክስፒርና ጠራቢዎቹ ሲሠሩ የተከተሉት አንድ ልማድ ነበር፦ የጎደለው ነገር ስሙ ከታወቀ ቦታውም ይታወቃል። ያሌው ከቦፎርት ነው፤ ጭልፊቱ ከዮርክ ነው፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይቀመጥም። በዓለማየሁ ሰሌዳ ላይም የአባቱ አገር ስም በናስ ተቀርጿል።

በመስከረም 2023፣ የቤተ መንግሥቱ መልስ ከተሰማ ከአራት ወር በኋላ፣ የካፒቴን ስፒዲ ዘመዶች በቤታቸው ሲቀመጥ የኖረውን የልዑሉን የፀጉር ዘለላ ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ ወኪሎች አስረከቡ። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ከመቅደላ ከወጣ 155 ዓመት ሆኖት ነበር።